ከፖምፔይ ግንብ ውጭ፦ ስማቸው ያልገነነ የሮማ ቪላዎችና የተመራማሪው ጉብኝት

ከኅዳር 2024 ወዲህ ወደ ጥንታዊቷ የፖምፔይ ከተማ ፍርስራሽ በአንድ ቀን ከ20,000 ሰው በላይ እንዳይገባ ተወስኗል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውሳኔው በራሱ አያስደንቅም፤ በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ የሚረግጠው ጥንታዊ ወለል የሚሸከመው ጫና ወሰን አለው። የሚያስደንቀው ፖምፔይን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ከዚያው አጠገብ ሌሎች ሥፍራዎችንም የሚያስተዳድር መሆኑ ነው። በቶሬ አኑንዚያታ ከተማ ኦፕሎንቲስ፣ በካስቴላማሬ ዲ ስታቢያ ኮረብታ ላይ የስታቢያ ቪላዎች፣ በቦስኮሬያሌ ደግሞ ቪላ ሬጂና ይገኛሉ። ሁሉም ፖምፔይን በቀበረው በ79ኙ የቬሱቪዮ ተራራ ፍንዳታ የተቀበሩ ናቸው፤ ሁሉም ከፖምፔይ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጉዞ ይደረስባቸዋል። ይሁንና በእነዚህ ሥፍራዎች አንድ ጎብኚ ሌላ ሰው ሳይገጥመው ከክፍል ወደ ክፍል ሊዘዋወር ይችላል።

የተለመደው ማብራሪያ ቀላል ነው፤ ፖምፔይ ከተማ ናት፣ እነዚህ ቤቶች ናቸው፤ ጊዜ ከተረፈ ይታያሉ። ለአገር ጎብኚ ይህ ቅደም ተከተል ያስኬዳል። የሮማ ሀብት ከምን ተገኘ፣ በማን እጅስ ተሠራ ብሎ ለሚጠይቅ ተመራማሪ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ይኖርበታል። የከተማዋ አደባባይ፣ መታጠቢያና ቲያትር ሀብቱ የወጣበትን ቦታ ያሳያሉ፤ ሀብቱ የገባበት ቦታ ግን ከግንቧ ውጭ፣ በእርሻው ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። በዛሬው አማርኛ «ቪላ» ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው በቤት ሽያጭ ማስታወቂያ የሚነበበው፣ አጥርና ግቢ ያለው የምቾት ቤት ነው። ለሮማውያን ቪላ ማለት ከነመሬቱ፣ ከነከብቱና ከነሠራተኛው የሚታሰብ የገጠር ርስት ቤት ነበር። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ የጻፈው ኮሉሜላ ቪላን በሦስት ይከፍለዋል፤ ባለቤቱ የሚያርፍበት ክፍል፣ ሠራተኞችና እንስሳት የሚኖሩበት ክፍል፣ ምርቱ የሚከማችበት ክፍል። በእኛ አነጋገር እልፍኝ፣ ጓዳና ጎተራ እንደ ማለት ነው። ለቱሪስት የሚታተሙት ፎቶግራፎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የእልፍኙ ናቸው። ጓዳውና ጎተራው ሥዕል የላቸውም፤ ሞዛይክ የላቸውም፤ ስለዚህም በካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ተጽፎባቸው ይታለፋሉ።

ቪላ ሬጂና ከሞላ ጎደል ጓዳና ጎተራ ብቻ ነው። በ1977 በቦስኮሬያሌ የመኖሪያ ሕንፃዎች ሲሠሩ የተገኘ አነስተኛ የእርሻ ቤት ሲሆን፣ ዛሬም ዙሪያውን በእነዚያው ሕንፃዎች ተከቦ፣ ከመሬቱ ወለል ዝቅ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ይታያል። ውበት ፈልጎ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ስሜት ቅር መሰኘት ሳይሆን አይቀርም። በመካከሉ ባለው ግቢ ውስጥ 18 ታላላቅ የሸክላ ጋኖች እስከ አፋቸው ተቀብረው ይገኛሉ። የወይን ጠጁ የሚፈላውና የሚቆየው በእነዚህ ውስጥ ነበር፤ መሬቱ የጋኖቹን ሙቀት እኩል አድርጎ ይጠብቃል። በአጠቃላይ ወደ 10,000 ሊትር ገደማ ይይዙ እንደነበር ተገምቷል። ከግቢው ጎን የወይን መጭመቂያው ክፍል አለ፤ ማድ ቤት፣ የድርቆሽ ማስቀመጫና አውድማም አለ። በአመዱ ውስጥ የበሰበሱት የወይን ሥሮች የተዉት ክፍተት በመሙያ ቁስ ተሞልቶ የሐረጎቹ ቦታ ስለታወቀ፣ ዛሬ በዚያው ቦታ ወይን ተተክሏል። በፍንዳታው የሞተ የአንድ አሳማ ቅርጽም በዚሁ ዘዴ ተገኝቷል።

ይህን ቤት ለተመራማሪ ውድ የሚያደርገው የሥራው ቅደም ተከተል በአንድ እይታ መነበቡ ነው። ወይኑ ከእርሻው ይገባል፣ ይጨመቃል፣ ጭማቂው በቦይ ወደ ጋኖቹ ይወርዳል፣ ኋላም በእንስራ ተቀድቶ በጋሪ ይወጣል። ከሐረጉ እስከ ጋኑ ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው። 10,000 ሊትር በጽሑፍ ሲነበብ ቁጥር ነው፤ በጋኖቹ አፍ ዳር ለቆመ ሰው ግን ጥያቄ ይሆናል። ይህን ሁሉ ስንት ሰው ለቀመው? ስንት ሰው ጨመቀው? የት ተኙ? ቤቱ ትንሽ ነው፤ ለመኸሩ ጊዜ የሚበቃ ሰው ሁሉ በውስጡ ሊያድር የሚችል አይመስልም። የቅጥር ሠራተኛ፣ የጎረቤት እርዳታ፣ ወይስ ከሌላ ርስት የመጡ ባሮች? ስለ ሮማ የገጠር ኢኮኖሚ ከሚደረጉት ክርክሮች አንዱ በዚህች ጠባብ ግቢ ውስጥ ይነሣል።

ይህ ጥያቄ በጽሑፍ ምንጮች ብቻ ሊመለስ አይችልም፤ ምክንያቱም ጸሐፊዎቹ ሁሉ የመሬት ባለቤቶች ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ካቶ፣ ርስቱን የሚጎበኝ ባለቤት ሊሸጣቸው ከሚገቡ ነገሮች መካከል ያረጀ በሬንና አሮጌ ብረትን ከዘረዘረ በኋላ ያረጀውንና የታመመውን ባሪያ አብሮ ይቆጥራል። ቫሮ ደግሞ የእርሻ መሣሪያን በሦስት የሚከፍሉ ሰዎች እንዳሉ ይገልጻል፤ የሚናገር፣ በከፊል የሚናገርና የማይናገር። የማይናገረው ጋሪ ነው፤ በከፊል የሚናገረው በሬ ነው፤ የሚናገረው ባሪያው ነው። ከእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ «የሚናገረው መሣሪያ» ራሱ የተናገረው አንድ ቃል አይገኝም። የጎደለውን ለመፈለግ የቀረው መንገድ ቤቱን ማንበብ ነው። ሳንድራ ጆሸልና ሎረን ሃክወርዝ ፒተርሰን በ2014 ባሳተሙት ሥራ የሮማ ባሮችን ሕይወት ከቤቶች፣ ከመንገዶች፣ ከሥራ ቦታዎችና ከቪላዎች አቀማመጥ ለማንበብ ሞክረዋል። ሙከራው በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት ማግኘቱ አከራካሪ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ወደ ጓዳው ራሱ ሄዶ እንዲያይ የሚገፋፋ መሆኑ ግን አያከራክርም።

ኦፕሎንቲስ ለዚህ ንባብ የተመቸ ነው፤ ሁለት ተቃራኒ ቤቶች በአንድ ከተማ ውስጥ ይገኛሉና። ቪላ «ሀ» በመባል የሚታወቀው፣ ከፖምፔይና ከሄርኩላኒየም ጋር በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ የባለጸጋ መዝናኛ ነው። ግዙፍ የግድግዳ ሥዕሎች፣ የእብነ በረድ ሐውልቶች፣ 60 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የመዋኛ ገንዳ አሉት። በሕዝብ ዘንድ «የፖፔያ ቪላ» ይባላል፤ ፖፔያ ሳቢና የንጉሠ ነገሥቱ የኔሮን ሁለተኛ ሚስት ነበረች። የስሙ ዋና መሠረት በአንድ እንስራ ላይ በቀለም የተጻፈ፣ የእርስዋ ሰው የሆነ ሴኩንዱስ የሚባል አገልጋይ ስም ነው። ለአንድ ቤት ባለቤትነት ይህ ቀጭን ማስረጃ ነው። ሆኖም የእቴጌይቱ ስም ጎብኚ ስለሚስብ በምልክት ሰሌዳ ላይ ጸንቶ ቀርቷል፤ እንስራውን ስለተቀበለው ሴኩንዱስ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ቪላ ውስጥ ዓይን የሚገባቸው ሌሎች ግድግዳዎች አሉ። በአገልጋዮቹ ግቢና በመተላለፊያዎቹ ላይ ግድግዳው በጥቁርና ነጭ ሰያፍ መስመሮች ተሸፍኗል፤ ሊቃውንቱ የሜዳ አህያ ጌጥ ይሉታል። ይህ ቀለም ለአገልጋዩ መንገድ ጠቋሚ ነበር የሚሉ አሉ፤ ሰው ለሚያልፍባቸው እንጂ ለማይቀመጥባቸው ቦታዎች የሚደረግ ርካሽ ጌጥ ነው የሚሉም አሉ። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን፣ ጎብኚው መስመሮቹን ተከትሎ ከአገልጋዮቹ ግቢ ወደ አዳራሹ ቢሄድ፣ ሳህን የተሸከመ ሰው በየት በኩል እንዲታይና በየት በኩል እንዳይታይ ተደርጎ ቤቱ እንደታነጸ በእግሩ ይረዳዋል። የታተመ የወለል ንድፍ ይህን አያስረዳም፤ በንድፍ ላይ ሁሉም በር እኩል ክፍት ነው።

ከዚያ 300 ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ቪላ «ለ» በ1974 ለትምህርት ቤት ግንባታ መሬት ሲቆፈር ተገኘ። ቪላ ተባለ እንጂ ቪላ አልነበረም፤ ከ400 በላይ እንስራዎች የተገኙበት የወይን ጠጅ ማከፋፈያ ነበር። እንስራዎቹ በግቢው ውስጥ ተገልብጠው እንደተደረደሩ ተገኝተዋል። በነሐስ ማኅተም ላይ የተገኘው ስም ሉኪዩስ ክራሲዩስ ቴርቲዩስ ይላል። በቪላ «ሀ» አንድም የሰው አጽም አልተገኘም፤ በፍንዳታው ጊዜ ቤቱ በእድሳት ላይ የነበረ ይመስላል። በቪላ «ለ» ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ የ54 ሰዎች አጽም ተገኘ። ከፊሎቹ ወርቅ፣ ጌጥና ገንዘብ ይዘዋል፤ ከፊሎቹ ምንም አልያዙም። በባሕር በኩል የሚመጣ እርዳታ ሲጠብቁ እንደነበር ይገመታል። ይህ ሁለተኛው ሥፍራ ዘወትር ለጎብኚ ክፍት አይደለም። ለዓለም የሚታየው ባዶው መዝናኛ መሆኑ፣ ሰዎቹ የሞቱበት የሥራ ቤት ግን መዘጋቱ፣ ስለ ቅርስ ምርጫ ብዙ የሚናገር ሐቅ ነው።

የወይን ጠጁ ጉዳይ ለአፍሪካ ቀንድ ታሪክ አጥኚም ሩቅ አይደለም። ፔሪፕለስ በመባል የሚታወቀው የ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመርከበኞች መምሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ምድር ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣልያን ወይን ጠጅ ይጠቅሳል፤ መጠኑ ብዙ እንዳልሆነም ያክላል። የሚወጣው ደግሞ የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ድንጋይና የአውራሪስ ቀንድ ነው። ከቬሱቪዮ ሥር ከሚገኙት ከእነዚህ ጋኖች አንዱ አዱሊስ ደርሷል ማለት አይቻልም። ነገር ግን በአዱሊስ የሚራገፈውን እንስራ የሚያጠና ሰው፣ እንስራው የተሞላበትን ዓይነት ግቢ፣ የተከማቸበትን ዓይነት መጋዘን አንድ ቀን ማየቱ የንግዱን ሌላ ጫፍ ያሳየዋል። በንግድ ታሪክ ጥናት ውስጥ የመርከቡ መንገድ በካርታ ላይ በቀይ መስመር ይሰመራል፤ መስመሩ የሚነሣበት ጓዳ ግን ብዙውን ጊዜ ነጥብ ብቻ ነው።

ቸል የመባል ዋጋ ምን እንደሆነ ከቦስኮሬያሌ ታሪክ በግልጽ ይታያል። በ1895 ላ ፒሳኔላ በተባለው ቪላ፣ በወይን መጭመቂያው ክፍል ባለ ጉድጓድ ውስጥ የተደበቀ የብር ዕቃ ክምችትና ከ1,000 በላይ የወርቅ ገንዘብ ተገኘ። ብሩ ከአገር ወጥቶ ፓሪስ ገባ፤ 109 ዕቃዎች ዛሬ በሉቭር ሙዚየም ይታያሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ በፑብሊዩስ ፋኒዩስ ሲኒስቶር ስም በሚጠራው ቪላ ድንቅ የግድግዳ ሥዕሎች ተገኙ። እነሱም ተቆርጠው ተሸጡ፤ አንድ ሙሉ መኝታ ቤት በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ቆሟል፣ የቀሩት በናፖሊ፣ በፓሪስና በቤልጂየም ተበትነዋል። ቁፋሮው የግለሰብ ንግድ ነበር፤ የሚሸጠው ከተነሣ በኋላ ሁለቱም ቪላዎች ተመልሰው ተቀበሩ። በሉቭር የብር ጽዋውን የሚያደንቅ ሰው ጽዋው በወይን መጭመቂያ ውስጥ መገኘቱን ላያስተውል ይችላል። የስታቢያ ቪላዎችም ዕጣ ይኸው ነበር፤ ከ1749 እስከ 1782 በቡርቦን ነገሥታት ዘመን ተቆፍረው፣ የተመረጡ ሥዕሎቻቸው ተቆርጠው ለንጉሡ ስብስብ ከተወሰዱ በኋላ ተቀበሩ። እንደገና ወደ ብርሃን የወጡት ከ1950 ጀምሮ ሊቤሮ ዶርሲ በተባለ የአካባቢው የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ጥረት ነው። ዛሬ በኪሲሳና ቤተ መንግሥት ያለው ሙዚየም በስሙ ይጠራል።

ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ካለ ቺቪታ ጁሊያናን ይመልከት። ከፖምፔይ ግንብ በስተ ሰሜን ምዕራብ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ይህ ትልቅ ቪላ ለዓመታት በቅርስ ዘራፊዎች በምስጢር ሲቦረቦር ቆይቷል። ዘራፊዎቹ ከመሬት በታች ዋሻ እየቆፈሩ፣ ግድግዳ እየበሱ ሥዕልና ዕቃ አውጥተዋል። ከ2017 ጀምሮ የአርኪዮሎጂ ፓርኩና የቶሬ አኑንዚያታ ዐቃቤ ሕግ በጋራ ገብተው ሕጋዊ ቁፋሮ ተጀመረ። በ2021 መጀመሪያ ላይ በነሐስና በቆርቆሮ የተጌጠ የክብረ በዓል ሠረገላ ተገኘ፤ የዘራፊዎቹ ዋሻ ለጥቂት ስቶት ነበር። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር የተገኘው ክፍል ግን ከሠረገላው ይበልጥ ለታሪክ ይጠቅማል። ስፋቱ 16 ካሬ ሜትር ነው። ሦስት የእንጨት አልጋዎች ነበሩበት፤ እንጨቱ ቢበሰብስም በአመዱ ውስጥ የተወው ክፍተት በጀሶ ተሞልቶ ቅርጹ ወጥቷል። የአንደኛው ርዝመት 1.40 ሜትር ብቻ ስለሆነ ሕፃን ይተኛበት እንደነበር ይታሰባል። አልጋዎቹ ፍራሽ አልነበራቸውም፤ በገመድ የተጠለፉ ነበሩ። በክፍሉ ውስጥ እንስራዎች፣ የሠረገላ እንጨትና የፈረስ ዕቃ የያዘ ሣጥን ተከማችተዋል፤ ብርሃን የሚገባው ከፍ ብላ በተሠራች አንዲት ትንሽ መስኮት ነው። እነዚያ ሰዎች በመጋዘን ውስጥ ይተኙ ነበር፤ ወይም እነሱ በሚተኙበት መጋዘን ተሠራ።

ዋሻው ጥቂት ክንድ ወደዚያ ቢታጠፍ ኖሮ ይህ ክፍል አይኖርም ነበር። ዘራፊ ገመድ የተጠለፈ አልጋ አይሸጥም፤ በአመዱ ውስጥ ያለው ክፍተትም በአካፋ አንድ ምት ይጠፋል። ስለዚህ ጉዳቱ ሚዛናዊ አይደለም። የባለጸጋው ሥዕል ቢሰረቅ እንኳ በአንድ ስብስብ ውስጥ ይቆያል፣ አንድ ቀንም ሊመለስ ይችላል፤ የባሪያው አልጋ ግን አንዴ ከፈረሰ የትም የለም።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ተገቢ ናቸው። ጎብኚ መብዛት በራሱ ቅርስን ይጎዳል፤ ፖምፔይ ምስክር ናት። ሥፍራዎቹ በቂ ገላጭ ጽሑፍ የላቸውም፤ የመክፈቻ ቀናቸው ይለዋወጣል፤ ጥሩ የቁፋሮ ዘገባ ያነበበ ሰው ሳይሄድ ይበልጥ ይማራል ይባላል። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይከብዳል። አንድሬያ ካራንዲኒ ከ1976 እስከ 1981 የመራው፣ በቶስካና የሚገኘው የሴቴፊኔስትሬ ቪላ ቁፋሮ በ1985 በሦስት ቅጽ ታትሟል፤ ያን ዘገባ ሳያነብ ወደ ማንኛውም የሮማ ቪላ የሚሄድ ተማሪ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። ነገር ግን ዘገባው ራሱ ትርጓሜ ነው። በሴቴፊኔስትሬ አንድ ረድፍ ክፍሎች የባሮች መኖሪያ ናቸው የተባለው ከስፋታቸውና ከአቀማመጣቸው በመነሣት ነው፤ ይህን ፍርድ የሚመዝን አንባቢ፣ የባሪያ መኖሪያ መሆኑ በአልጋው የተረጋገጠ ክፍል ምን እንደሚመስል ማወቅ ይኖርበታል። ስለ ጎብኚ ብዛት የሚነሣው ስጋት ደግሞ ስለ ሌላ ዓይነት ጎብኚ የሚነሣ ነው። እዚህ የሚታሰበው የአውቶቡስ ሰልፍ አይደለም፤ የወለል ንድፍ የያዙ አሥርና አሥራ አምስት ተማሪዎች ናቸው። የመክፈቻ ቀኑና የምልክት ሰሌዳው ችግር እውነት ነው፤ መፍትሔውም ቀድሞ ማረጋገጥና ቀድሞ ማንበብ ብቻ ነው።

በናፖሊ ያለው ሎሪየንታሌ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል በመሆኑ፣ አማርኛ ተናጋሪ ተመራማሪዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በየጊዜው ወደዚያች ከተማ ይሄዳሉ። የእረፍት ቀን ሲገኝ ልማዱ ፖምፔይ ነው። ከናፖሊ ወደ ሶሬንቶ የሚሄደው የቬሱቪዮ ዙሪያ ባቡር ግን ፖምፔይ ከመድረሱ በፊት በቶሬ አኑንዚያታ ይቆማል፤ ኦፕሎንቲስ ከጣቢያው በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ከፖምፔይ አልፎ ደግሞ ካስቴላማሬ አለ። ቦስኮሬያሌ ያለው ሙዚየም ከቪላ ሬጂና ጋር በአንድ ግቢ ስለሆነ፣ የእርሻ መሣሪያዎቹን አይቶ ጋኖቹ ዘንድ መውረድ ይቻላል።

ጉብኝቱ ከእልፍኙ ሳይሆን ከጓዳው ቢጀመር ይሻላል። ማድ ቤቱ ከምግብ አዳራሹ በስንት እርምጃ ይርቃል? መስኮቱ ከወለሉ በስንት ክንድ ከፍ ይላል? ከመጭመቂያው ክፍል ውስጥ የሚታየው በር የትኛው ነው? በሜትር መለኪያና በእርሳስ የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ልዩ ፈቃድም ሆነ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። የድኅረ ምረቃ መርሐ ግብሮች የመስክ ጉዞን ከፎቶግራፍ ማኅደር ይልቅ በእንዲህ ያለ የአንድ ክፍል መግለጫ ቢመዝኑት፣ ከሁለትና ከሦስት ገጽ የማይበልጥ፣ ክፍሉን የለካና የታተመውን ትርጓሜ ከልኬቱ ጋር ያገናዘበ ማስታወሻ ቢጠይቁ፣ የአጫጭር ጥናቶች መጽሔቶችም ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ቦታ ቢሰጡ፣ ሥራው ዛሬ ሊጀመር ይችላል። የኦፕሎንቲስ ቪላ «ሀ» አንድ ክፍል አሁንም ከዘመናዊው መንገድና ከቀድሞው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሕንፃ ሥር እንደተቀበረ ነው።